ሐምሌ ላይ ሂና አይዝም

ባለፈው ሐምሌ ናይሮቢ፣ ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ በየጥጉ የጋዝ ማሞቂያ ተተክሏል፤ እንዲያም ሆኖ እንግዳው ካፖርቱን አላወለቀም። አንድ ጥግ ላይ ሂና የምትቀባ ልጅ ተቀጥራ ተቀምጣለች። የሙሽራዋ ጓደኞች እየተሳሳቁ ተራ በተራ እጃቸውን ይሰጧታል፤ ፎቶ አንሺው ከአጠገባቸው አይጠፋም። ገና ሳልቀርብ ሽታው ደረሰኝ፦ የራሰ ቅጠል፣ ቅርንፉድ፣ ሎሚ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ወይዘሮ አልማዝ እጄን የያዙኝ በዚህ ጊዜ ነው። አርጅተዋል፤ ፈገግታቸው ግን እንደ ድሮው ሰፊ ነው። ልጅቷን በአገጫቸው እያሳዩኝ፣ «ምን ዋጋ አለው፣ እቴቴ ዘነበች ነበረች እንጂ! እናታችን ማለት እኮ ናት። እኛስ ብንሆን፣ ስታገባ እንዴት አድርገን ዳርናት!» አሉኝ።

ዳርናት። የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ኬኩ ሳይቆረስ ወጣሁ፤ እቤቴ እስክደርስ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስነታረክ ነበር። እቴቴን ማን እንደዳራት እኔ አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ።

ያን ዓመት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ካሳራኒ ሰፈር፣ በረንዳው ወደ ነፋስ በዞረ ፎቅ ላይ ነበር። ኬንያ ሲባል ፀሐይ ብቻ የሚመስለው ሰው የናይሮቢን ሐምሌ አያውቀውም። ቢዘንብ እንኳ ይወጣለት ነበር፤ አይዘንብም። ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ይደፋና ሳምንቱን ሙሉ አይነሳም። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ በሁለት ካልሲ ያልፋል። እኔ የትምህርት ቤት ሹራቤን ለብሼ ነበር የምተኛው።

የኛ ሰው ደግሞ ሰርጉን የሚደግሰው በዚህ ብርድ ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ እስክትገባ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ያላገባ ሁሉ በእሷ ይሻማል። በየሰርጉ ዋዜማ ደግሞ የሚፈለገው አንድ ሰው ነው፤ እቴቴ ዘነበች።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴና አባቴ ምግብ ቤታቸውን ሲከፍቱ እኔን የሚይዝ ሰው ጠፋና ከአዲስ አበባ አስመጧት። ለትንሽ ጊዜ ተብላ መጥታ በዚያው ቀረች። አላገባችም። ለምን እንደሆነ ማንም አንስቶ አያውቅም፤ እኔም ቄስ ጺሙን እንደማይላጭ ሁሉ እቴቴ የሚባሉ ሰዎችም አያገቡም ብዬ አምን ነበር።

አገሯ ሳለች የምታውቀው እንሶስላ ነው። ናይሮቢ ደግሞ እንሶስላ የለም፤ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በሻንጣው ይዞላት ይመጣል፣ ግን ሲደርስ ሥሩ ደርቆ እንጨት ሆኗል። ስለዚህ ፓርክላንድስ ውስጥ ቅመም ከምትሸጥ ማማ ዙልፋ ከምትባል የሞምባሳ ሴት ሂናን ተማረች። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ «ይሄ የእስላም ነገር» እያሉ የሚያጉረመርሙ አልጠፉም። የልጃቸው ሰርግ ሲደርስ ግን ማጉረምረሙ ይቀርና ስልኩ ይደወላል።

አሠራሯን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ዱቄቱን በአሮጌ ናይለን ሻሽ ትነፋዋለች፤ አረንጓዴ አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ያስነጥሰኛል። ሻይ ቅጠል አብዝታ ታፈላና ለብ እስኪል ትጠብቃለች። ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ የተወቀጠ ቅርንፉድ ጣል ታደርግበታለች፣ እንደ ወፍራም እርጎ አድርጋ ትለውሰዋለች። ከዚያ ጎድጓዳውን ሳህን በላስቲክ ሸፍና፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ አልጋዋ ውስጥ እግርጌ ታስተኛዋለች። ለምን ስላት፣ «እንዳይበርደው ነዋ። ከበረደው ቀለሙን አይሰጥም» አለችኝ።

ስለዚህ ሂና ሕይወት ያለው ነገር መሰለኝ። እሷ ሳታየኝ ጆሮዬን ላስቲኩ ላይ አድርጌ ይተነፍስ እንደሆነ አዳምጥ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ጉንፋን እንዳይዘው ብዬ የእኔን ሻርፕ ደረብኩለት።

በዚያ ሐምሌ መጀመሪያ ያገባችው የወይዘሮ አልማዝ ልጅ ሄለን ናት። ሩንዳ ያለው ቤታቸው ሳሎኑ ብቻ የኛን ቤት ሁለት ጊዜ ይውጣል፤ ግድግዳው ውስጥ እሳት የሚነድበት ቤት ያየሁት ያኔ ነው። እቴቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠራች። የሄለን እግር ቀዝቅዞ ሂናው እንቢ ሲላት፣ ሹራቧን ገልባ የሰው ልጅ የበረዶ እግር ሆዷ ላይ አስደግፋ አሞቀችው። እኔ ሂናው እንዳይረግፍ የሚነካካበትን ስኳር የተበጠበጠበት ሎሚ በጥጥ እያቀበልኩ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ሴቶቹ ሶፋው ላይ ሆነው ለውዝ ይበላሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ እቴቴን ይመርቋታል። «ያንቺን ያሳየን! ያን ቀን እኛ ነን የምንቀባሽ!» ይላሉ። ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ ከሁሉም ድምፃቸው በልጦ፣ «እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስነካም» አሉ። እቴቴ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ የሄለን እግር የኮረኮራት መሰለኝ።

ለካ ቀኗ ተቆርጦ ነበር። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ዝምተኛ ሰው፣ ምግብ ቤታችን እየመጡ ሽሮ ያዝዛሉ። ሳህናቸውን ሳይጨርሱ እቴቴ እኔን ከትምህርት ቤት ይዛ እስክትመጣ ድረስ ይቀመጡ ነበር። እኔ ሽሮው አልጣማቸው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ እነሱ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ፍልሰታ ከመግባቷ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ፣ በቁርባን፣ እኛው ምግብ ቤት በሚደረግ ትንሽ ግብዣ።

ወሬው ከተሰማ በኋላ ቤታችን ፀጥ አለ። በሌላ ሰው ሰርግ ስልካችን አያርፍም ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ሙሽራ እጇን ራሷ አትቀባም፤ ዙሪያዋን ሴቶች ተቀምጠው፣ እየዘፈኑ፣ እየቀለዱባት ይቀቧታል። ባዶ እጇን ቄሱ ፊት የቆመች ሙሽራ ሰው የላትም ማለት ነው። እቴቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ለምና አታውቅም፣ አሁንም አልለመነችም፤ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። የሚያንኳኳው ግን መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው።

በመጨረሻ እናቴ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ መጥተው እንዲቀቧት ራሷ ለሴቶቹ ደወለች። ምግብ ቤቱ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍታ መደርደሪያ ላይ አቆመችው። እኔ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ሐምሌ ላይ ሂና መች ይይዛል አለች። ሁለተኛዋ በዚህ ብርድ ከቤቷ ወጥታ ወደኛ ሰፈር በሚያመጣው ቲካ መንገድ ላይ ስትጉላላ እንዳትውል ፈራች። ወይዘሮ አልማዝ ግን እንደ ቅርብ ዘመድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ሂና እኮ የልጃገረድ ነው። በዚህ ዕድሜዋ እጇን ተቀብታ ብትቆም ሰው ይስቅባታል። ለእሷው ብዬ ነው። ደግሞስ ብርዱን አላየሽውም? አይዝም።»

እናቴ «እሺ እትዬ» ብላ ዘጋችው። ፊቷ በዕንባ ርሶ ሽንኩርቱን ስትመታው ቢላዋው እንጨቱ ውስጥ ተሰነቀረ። እኔ ዕንባውን የሽንኩርት አደረግኩት።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው። እንግዲህ የስንቱን ልጅ እግር ሆዷ ላይ ያሞቀች ሴት፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ታጣ? ሰው ይስቅባታል አሉ! ማን ነው የሚስቀው? ከእነሱ ሌላ ሰው ነበረን እንዴ? የሄለን እጅስ በዚያው ሐምሌ፣ በዚያው ብርድ፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ ጠቁሮ አልወጣም? ይህን ሁሉ የምለው ግን ዛሬ ነው። ያኔ ያልገባኝን ትቼ የገባኝን ያዝኩ፤ የገባኝ ብርዱ ነው። ሄለን ቤት እሳት ስለነበረ ያዘ፣ እኛ ቤት እሳት ስለሌለ አይዝም። ብርዱ ከጠፋ ሁሉም ይመጣሉ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

የሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ፣ እናቴና አባቴ ለግብዣው ሊያበስሉ በጠዋት ወጡ። እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ እኔን ለታችኛው ፎቅ ጎረቤት አደራ ብላ። እኔ ከጎረቤቷ ሾልኬ ወጥቼ የእቴቴን ሳጥን ከፈትኩ። ከሄለን የተረፈውን ዱቄት አወጣሁ፣ ሎሚውን ጨመቅኩ፣ ከዚያ ከፔርሙዙ የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት። ለብ ያለ ይጠቅማል ከተባለ የፈላ ምን ያህል ይጠቅመው። በጋቢዋ ጠቀለልኩት፣ የእኔንም ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ አብሬውም ተኛሁ።

እቴቴ ስትመጣ እንዲያ ሆነን አገኘችን። ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ አሸተተችው፤ በጣቷ ነካ አድርጋ አየች። የተቀቀለ ጎመን ይሸት ነበር።

«ገድለሽዋል እኮ» አለችኝ፣ ያለ ቁጣ። «የፈላ ውሃ ይገድለዋል።»

መግደሌን ስሰማ ጮኼ አለቀስኩ። ምን ፈልጌ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ በለቅሶዬ መሐል እንደለመድኩት እንግሊዝኛውን ቀላቅዬ መለስኩላት። «ሶሪ እቴቴ፣ ብርዱን ፊኒሽ ላደርገው ነበር። እነ እትዬ አልማዝ የማይመጡት ብርድ ስለሆነ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ሴቶቹ የማይመጡት እንግዳ ስለሚበዛባቸው ነው ብላ ሸፍናላት ነበር፤ ይህን እኔ አላወቅኩም። «ብርዱ ነው አሉ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሌላስ?»

የሰማሁትን እንደ ቃል ጥናት ደገምኩላት። ልጃገረድ የሚለውንም፣ ሰው ይስቃል የሚለውንም። እቴቴ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የሌላውን እጅ ስትይዝ እንጂ የራሷን ስትመለከት አይቻት አላውቅም። ሽንኩርትና በረኪና የበላቸው እጆች ናቸው። ምስኪን፣ ሴቶቹ ልክ ናቸው ልትል ነው ብዬ ፈራሁ፣ ለምን እንደፈራሁም ሳላውቅ። እሷ ግን ተነሥታ ሳህኑን አጠበችና «ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ።

ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ፓርክላንድስ ወረድን። ማማ ዙልፋ እንደ ሁልጊዜው በጆንያዎቿ መሐል ተቀምጣ በሻርፕ ተጀቡናለች። አዲስ ዱቄት እየሰፈረች፣ ሙሽራዋ ማን ናት ለማለት፣ «ቢቢ ሃሩሲ ኒ ናኒ?» አለቻት። በየሰርጉ ትጠይቃታለች፤ እቴቴም የአንዷን ልጅ ስም ትጠራላታለች። ያን ቀን ግን ደረቷን በጣቷ ነካ አደረገች።

«ኒ ሚሚ» አለች። እኔ ነኝ ማለቷ ነው።

ማማ ዙልፋ ማንኪያውን ጣለችው። ዕድሜዋን አልጠየቀችም፣ ብርዱንም አላነሳችም። አፏ ላይ እጇን አድርጋ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው እስኪቆም ድረስ እልልታዋን አቀለጠችው። ከባንኮኒዋ ወጥታ እቴቴን አቀፈቻት፤ ሱቁን የሚጠብቅላት ሰው ቢኖር ራሷ መጥታ እንደምትቀባት ማለችላት፣ ቅርንፉድም በእፍኟ ዘግና ጨመረችልን። አንዲት የማትዘመደን፣ በሃይማኖት የማትገናኘን ሴት እልል ስትል፣ እነ ወይዘሮ አልማዝ ቤታቸው ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

ከቀትር በኋላ ጂኮ የምንለውን የከሰል ምድጃ አያያዝን። ጭሱ እንዳይመርዘን የበረንዳው በር ተከፍቶ ነው፤ ስለዚህ ፊታችን ሲቃጠል ጀርባችን በነፋስ ይቆረጣል። እቴቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን ሰጠችኝ። ቢያንስ አንዱን ለምን ራስሽ አትቀቢውም ብላት፣ «ሙሽራ ራሷን አትቀባም» አለች። ለሄለን የሠራችውን ዓይነት ሐረግና አበባ አልፈለገችም። መዳፏ መሐል አንድ ክብ፣ ጣቶቿ ደግሞ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድፍን፤ እናቷ በእንሶስላ ታደርግ የነበረው እንደዚያ ነው።

ክቡ እንቁላል ሆነብኝ። አስተካክላለሁ ስል ሰፋ፣ ሲሰፋ ወደ አውራ ጣቷ ሄደ። ምላሴን ነክሼ ነበር የምሠራው። ሁለቱም እጆቿ ሲያዙ አፍንጫዋ በላት፣ አከክሁላት። ሻይ አጠጣኋት፣ ግማሹን አገጯ ላይ ደፋሁት። ሴቶቹ የሚዘፍኑትን ሰርግ ዘፈን አላውቅም፤ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ትምህርት ቤት የተማርኩትን የስዋሂሊ መዝሙር ዘፈንኩላት። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቅርንፉዱን ምጣድ ላይ አድርገን ሂናው እንዲሞቅ እጆቿን ከጭሱ በላይ ያዝን፤ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልዬ የአባቴን ወፍራም ካልሲዎች አጠለቅኩላት።

አባቴ ልብስ ሊቀይር ብቅ ሲል ታላቅ እህቱን እጆቿ ላይ ካልሲ አጥልቃ አገኛት። ሳቁ መጣና መሐል ላይ ቆመ። ማንም አለመኖሩን አየ፤ ሶፋውን፣ ባዶዎቹን ወንበሮች፣ እኔን። ኮቱን አወለቀ፣ አጎንብሶ ማራገቢያውን አነሣና ከሰሉን ማርገብገብ ጀመረ። ወንድ ልጅ የሙሽራ ሂና ላይ አይቀመጥም፤ እሱ ግን እስኪደርቅ ድረስ አልተነሣም።

የደረቀውን በዘይት ስናራግፈው ቀለሙ ብርቱካን ነው፤ የካሮት ዓይነት። ወይዘሮ አልማዝ እውነታቸውን ነበር፣ አልያዘም ብዬ ድጋሚ ልነፋረቅ ስል፣ እቴቴ ውሃ እንዳላስነካት ብቻ አስጠነቀቀችኝና ወደ አልጋዋ ገባች። ጠዋት መጥታ ስትቀሰቅሰኝ መጀመሪያ ያየሁት መዳፏን ነው። ጠቁሯል። የበሰለ ቴምር ይመስላል። እንቁላሉም ያው እንቁላል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እቴቴ ሁልጊዜ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ትደብቅ ነበር። ያን እሑድ አልደበቀችም። ሥርዓቱ አልቆ ግቢው ውስጥ ሰዉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ወይዘሮ አልማዝ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዘው፣ ሦስቴ ስመዋት፣ እጇን ሊጨብጡ ሲሉ ዓይናቸው መዳፏ ላይ ወደቀ። ፈገግታቸው ትንሽ ጎደለ።

«ውይ፣ በዚህ ብርድ! እንዴት አድርጎ ያዘልሽ?» አሉ።

እቴቴ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ጠማማውን ክብ በደንብ እንዲያዩት ፊታቸው ዘረጋችው።

«እኛ ቤት እኮ ብርድ አልነበረም» አለቻቸው።

ጀርባዬ በነፋስ ደርቆ ሌሊቱን ሳስል ያደርኩት እኔ ነኝ። «ነበረ እንጂ!» ልል አፌን ስከፍት ትከሻዬን ጫን አደረገችኝ። እቴቴ፣ ያውም ቆርባ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ስትዋሽ መስማቴ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አዝኜባት ነበር።